ዳማን የመረጠችው ልጅ

አቶ ሐዲስ የሞቱት በገዛ ውሻቸው ማደሪያ ውስጥ ነው። ኢንስፔክተር ጉዲቱ ከአዳማ ወደ ወንጂ መውጫ ካለው ግቢያቸው ስትደርስ፣ ሰውየው ከቤቱ ጀርባ በሽቦ በታጠረው ማደሪያ ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ጭንቅላታቸው ከውሃ ገንዳው የሲሚንቶ ጠርዝ ሥር ነው። ቀኝ እጃቸው ደም በደም ሆኗል፤ አጠገቡ አንድ ጥቁር ከዘራ ወድቋል። ዳማ የሚባለው ቡናማ ውሻ ከማደሪያው መጨረሻ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። አፉ ዙሪያ ደም አለ።

ከሽቦው ውጭ የተሰበሰበው ጎረቤት ምርመራ አላስፈለገውም።

«ምን ይጠበቃል? በጥይት ነው እንጂ» አለ አንዱ።

«ልጅቷ ናት ያመጣችባቸው» አለች አንዲት ሴት በሹክሹክታ። የዚህ ሰፈር ሹክሹክታ ደግሞ አጥር ይሻገራል።

ልጅቷ ሰምታለች። ጂጂ የአቶ ሐዲስ አንድ ልጅ ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ ጋር ኖራለች። ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ ስትመለስ ሬሳውን ያገኘችውም እሷው ናት። አሁን ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም። ጉዲቱ በሥራዋ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች። ይህቺ ግን ከማዘኗ በፊት በራሷ ላይ ፈርዳ ጨርሳለች።

ጉዲቱ ሃምሳን የተሻገረች፣ አጠር ያለች፣ እግሯ የማይቸኩል ምላሷ ግን የሚቸኩል ሴት ናት። ረዳቷን ሳጅን ኑሬን ወደ ሬሳው ጠራችው።

«ኑሬ፣ ውሻ ሰው ሊገድል ሲነሣ የት ይይዛል?»

«አንገት።»

«አንገታቸውን እየው።»

ኑሬ ጎንበስ ብሎ አየ። «ምንም አልነካውም። ፊታቸውም ደህና ነው። የተነከሰው ቀኝ አንጓቸው ብቻ ነው።»

«ከዘራ የያዘው እጅ። ከዘራውን በጨርቅ ጠቅልልና ውሰደው። ለማንም እንዳታሳይ።»

«ለቤተሰቡም?»

«ለቤተሰቡ በተለይ።»

በማግስቱ ሆስፒታሉ ያለው አጭር ነበር። አቶ ሐዲስን የገደላቸው ጭንቅላታቸው ላይ የደረሰው ምት ነው፤ የእጃቸው ቁስል ለሞት አያደርስም። ደግሞም ወዲያው አልሞቱም። ቶሎ የደረሰላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ሊተርፉ ይችሉ ነበር።

ይህ ግን ዳማን አላዳነውም። ሰው የነከሰ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለበት ለማወቅ በክትትል መቆየት ስላለበት የእንስሳት ሐኪሙ አትንኩት ብሏል። ክትትሉ ሲያበቃ ቀበሌው ያስገድለዋል። ያ ቀን እስኪደርስ ጉዲቱ ጊዜ አላት። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ «ልጅቷ ያመጣችው ውሻ አባቷን ገደለ» ተብሎ ይዘጋል፤ ጂጂም ይህን ተሸክማ ትኖራለች።

*

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጉዲቱ ከጂጂ አጠገብ ወንበር ሳበች።

«አባትሽን ኋላ እናወራለን። መጀመሪያ ውሻውን ንገሪኝ።»

«ምኑን?»

«እንዴት እንደመረጥሽው።»

ጂጂ የደረቀ ከንፈሯን አረጠበች። «ሰው ሁሉ ቡችላ ውሰጂና ጨለማ ቤት ቆልፊበት፣ እየተመታ ካላደገ አይጠብቅም ይለኝ ነበር። አባዬ ግን ብቻውን ስለሚውል የፈለገው ጓደኛ ነው። ወንጂ ቡዜ የምትባል ሴት አለች፣ የተጣሉ ውሾች ታነሣለች። እሷ ጋ እየተመላለስኩ አየሁት፤ ከልጆቿ ጋር ሲሆን፣ ሲበላ፣ ሌላ ውሻ ሲጠጋው። ጀርባው ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፤ ማን እንደመታው አላውቅም አለችኝ። እጄን ሳህኑ ውስጥ ስከት እንኳ አላጉረመረመም። አስከተብኩት። ማደሪያውንም ሰፋ አድርጌ አሠራሁለት፤ በሰንሰለት እንዳታስረው ብዬ አባዬን አስማልኩት። ቀን እዚያ ይውላል፣ ሲመሽ አባዬ ይከፍትለትና ግቢውን አብረው ይዞራሉ።» የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። «አጣርቼ የመረጥኩ መስሎኝ ነበር።»

«ወደ ቡዜ የመራሽ ማነው?»

«አንድ የሞጆ ሰው። ስሜን አታንሺ፣ እንጀራዬ ይቆረጣል ብሎ ለምኖኛል።»

ጉዲቱ አላስጨነቀቻትም። ድንኳኑ መግቢያ ላይ አንድ ቀጠን ያለ፣ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ለሽማግሌዎች ውሃ ያድላል፣ ወንበር ያቀብላል፣ ስልክ ያነሣል። ይህ መሳይ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ በትራንዚተርነት፣ ዕቃ ከጉምሩክ በማስወጣት፣ ይሠራል፤ ጂጂን ለማግባት ሽማግሌ ልኳል። የሰፈሩ እናቶች «እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል» እያሉ ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

የቤቱ ምግብ አብሳይ አሳየች ግን ቀና ብላም አታየውም። ጉዲቱ ጓዳ ውስጥ አገኘቻት።

«እትዬ አሳየች፣ የዚያን ዕለት የት ነበሩ?»

«ምሳ አቅርቤ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል።» ሴትየዋ እጇን በመቀነቷ ጠረገች። «ውሻውን እፈራዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ለጋሼ እንደ ልጅ ነበር። እኔ የተገረምኩት በሌላ ነው። መሳይ በመጣ ቁጥር ውሻው ሽንቱን ይለቅ ነበር። ጋሼ ይህን አዩና አንድ ቀን ልጁን በረንዳ ላይ ያዙት። በሩን ልዘጋ ስጠጋ፣ ‹አንተ ራስህ ንገራት፣ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› ሲሉት ሰማሁ።»

«ምኑን?»

«ሌላ ሴት ያለችው መስሎኝ ነበር። ብቻ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጋሼ ‹ቆይ ላስብበት› ብለው መለሷቸው።»

ጉዲቱ ወጥታ የግራ ጎረቤቱን በር አንኳኳች። ፋሩቅ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ በውሻው ጩኸት ለቀበሌ አቤት ያለውም እሱ ነው።

«ሐጂ፣ መርዝ አበላዋለሁ ብለዋል ይባላል።»

«ብያለሁ።» ፋሩቅ አልሸሸም። «ሰው ሲናደድ ስንቱን ይላል። ሐዲስ ሰምቶ ሳቀ፤ ማደሪያውን ከእኔ አጥር አርቆ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነበርን።»

«የዚያን ዕለትስ?»

«ሊመሽ ሲል ጮኸ። ጩኸቱ ሌላ ነው፤ መሄጃ ያጣ ነገር ጩኸት። ወጣ ብዬ ሳይ ከሐዲስ በር አጠገብ ነጭ ቪትዝ ቆማለች። እንግዳ አላቸው ብዬ ልመለስ ስል ሞተሩ ተነሣና መኪናዋ ሄደች። ለካስ እዚያ…» ዓይኑን ጨፈነ። «በሩን ከፍቼ ብገባ ምን ነበረበት እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«በአዳማ ነጭ ቪትዝ መች ተቆጥሮ ያልቃል?»

«የኋላ መብራቷ በቀይ ፕላስተር የተለጠፈ ግን ብዙ አይመስለኝም።»

ከፋሩቅ በር ስትወጣ መሳይ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«ኢንስፔክተር፣ ውሻውን አሁኑኑ ቢያነሡልን ምን አለበት? ጂጂ በሰማችው ቁጥር እየሞተች ነው።»

«ሐኪሙ ይጠበቅ ብሏል። አንተ ውሻውን ታውቀዋለህ?»

«እዚህ ነው ያየሁት። ከውሻ ጋር ብዙም አይደለሁም።»

«ከዘራውን የሰጠሃቸው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር። አዲስ ነው፣ ከአዲስ አበባ ነው የገዛሁት። የዚያኑ ዕለት ምሳ ላይ ሰጠኋቸውና ወደ ሞጆ ተመለስኩ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ደስ ብሏቸው ነበር።»

እንባው እውነት ይመስላል። ጉዲቱን ያሳሰባትም ይኸው ነው።

*

ፖሊስ ጣቢያ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ጉዲቱ ከዘራውን ከጨርቁ አወጣችው። ከባድ ነው፤ ጥቁር ቀለሙ ያብረቀርቃል።

«ጥርሱ ያረፈበትን በጣትህ ዳብሰው፣ ኑሬ።»

«ይኸው። ቀለሙ ተልጦ ነጭ እንጨት ወጥቷል። ይሻክራል።»

«ዝቅ በል። ወደ ጫፉ።»

የኑሬ ጣት ወረደና ቆመ። እዚያም የተሰረጎዱ ነጥቦች አሉ፣ ከላይ ካሉት ጋር እኩል የተራራቁ። እነዚህ ግን አይሻክሩም። ጥቁሩ ቀለም ገብቶባቸው ልስልስ ብለዋል። ኑሬ ቀና ብሎ አለቃውን አያት።

«አሁን ወንጂ እንሂድ» አለች ጉዲቱ።

የቡዜ ቤት ከሸንኮራው እርሻ ጠርዝ ላይ ነው፤ ባሏ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል። በሩ ላይ አንድ ዓይን ያጣች ውሻ ተኝታለች። ቡዜ የፖሊስ ልብስ ስታይ ደነገጠች።

«አካም ጅርቱ?» አለቻት ጉዲቱ በኦሮምኛ ደህንነቷን እየጠየቀች፤ የሴትየዋ ትከሻ ትንሽ ወረደ። «ላስርሽ አልመጣሁም። ዳማን ማን እንዳመጣልሽ ንገሪኝ።»

«ወንድሜ ነው፣ ቀነኒሳ። በጆንያ አድርጎ አመጣው። ጀርባው ቆስሎ ነበር። የማን ነው ብለው አትጠይቂኝ አለ፣ ለአለቃው ጠፋ ብሎ ነግሮታል። ጂጂ ስትጠይቀኝ እውነቱን ብነግራት ወንድሜ ይባረራል ብዬ ፈራሁ።» ቡዜ ነጠላዋን በጥርሷ ነከሰች። «ብነግራት ኖሮ ሰውየው አይሞቱም ነበር አይደል?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ወንድምሽ የት ነው የሚሠራው?»

«ሞጆ። ዘበኛ ነው።»

ኑሬ ሳይታዘዝ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ።

*

ድንኳኑ ከፈረሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ጉዲቱ ቤተሰቡንና ጎረቤቱን ከቤቱ ጀርባ ሰበሰበች። ጂጂ፣ መሳይ፣ አሳየችና ፋሩቅ ከማደሪያው ፊት ቆሙ። የክትትሉ ጊዜ አልቋል፤ በሽታ አልተገኘበትም፤ የቀበሌው ሰዎች ነገ ይመጣሉ። ጂጂ ወደ ሽቦው አትዞርም።

ጉዲቱ መጀመሪያ የጓዳውን መጥረጊያ አንሥታ በዳማ ፊት አወዛወዘችው። ውሻው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አያትና ዝም አለ። ቀጥላ የፋሩቅን ጃንጥላ ከፍ አደረገች። ዳማ አዛጋ።

ከዚያ ኑሬ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አቀበላት። ጨርቁን አልፈታችውም። ዓይኗም ውሻው ላይ አልነበረም፤ ሰዎቹን ነበር የምታየው። አሳየችና ፋሩቅ ከነበሩበት አልተነቃነቁም። መሳይ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገና ከጂጂ ጀርባ ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አለችው ጉዲቱ።

«ምንም።»

«ሌሎቹ ሰው ገደለ ከሚባል ውሻ ፊት መጥረጊያውም ጃንጥላውም ሲነሣ ቆመዋል። አንተም ቆመሃል። ይህን ስታይ ግን ጂጂን ከፊትህ አደረግህ።» ጥቅሉን ለኑሬ መለሰችለት። «አልፈታውም። ውሻው የሚበቃውን ያህል ተመትቷል።»

«የሚሉት አልገባኝም።»

«ይገባሃል። ዳማ አቶ ሐዲስን ሊገድል አልተነሣም፤ የሚገድል ውሻ አንገት ትቶ አንጓ አይነክስም። የነከሰው ከዘራውንና ከዘራውን የያዘውን እጅ ነው። እሳቸው ሲመሽ እንደ ልማዳቸው ሊከፍቱለት ገቡ፣ በአዲሱ ስጦታ ተደግፈው። ውሻው ያን ከዘራ በጠባብ በር ላይ አየ፤ መውጫ አልነበረውም። ዘለለ፣ እሳቸው ወደ ኋላ ወደቁ፣ ጭንቅላታቸው ገንዳውን መታ።»

«ታዲያ አደጋ ነዋ» አለ መሳይ። «እኔ ደግሞ ከዘራ ሰጠሁ እንጂ…»

«አዲስ ከዘራ ነው ያልከኝ?»

«አዎ።»

«አዲስ ከዘራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚነከሰው። ይህ ሁለት ጊዜ ተነክሷል። የላይኛው ንክሻ ቀለሙን ልጦታል። የታችኛው ግን ቀለሙ ውስጡ ገብቶ ደርቋል። ከመቀባቱ በፊት የተነከሰ ነው ማለት ነው፤ በዚያው መንጋጋ። ያገለገለ ዕቃ ለአማት ስጦታ ስለማይሆን አሳምረህ ቀባኸው። ሳትቀባው ብትሰጥ ኖሮ ላገኝህ እቸገር ነበር።»

ኑሬ የጓሮውን በር ከፈተ፤ አንድ ጎልማሳ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ገባ። ጂጂ ወዲያው አወቀችው። የመሳይ ዘበኛ ነው፣ ቀነኒሳ፤ ወደ ቡዜ የመራትም እሱ ነው።

«ከዘራው የማን ነው?» አለችው ጉዲቱ።

«የአባቱ ነበር» አለ ቀነኒሳ፣ ወደ መሳይ ሳያይ። «አባትየው ሲሞቱ መሳይ ውሻውን ይመታበት ጀመር። ክፉ እንዲሆን ነው ይላል። አንድ ቀን ጥግ ላይ ሲይዘው ውሻው ከዘራውን ነክሶ አልለቅም አለ። ያን ቀን ሊገድለው ምንም አልቀረውም። በሌለበት አወጣሁትና ለእህቴ ሰጠሁት። አንቺ ደህና ውሻ ስትፈልጊ የሚሻለው እጅ ያንቺ መሰለኝ፣ ጂጂ። ይቅር በይኝ።»

ጂጂ ወደ መሳይ ዞረች።

«አባትሽ ጠባሳውን የሠራው ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል» አለች ጉዲቱ በዝግታ። «ውሻው እሱን ሲያይ የሚሆነውን አይተዋል። ራስህ ንገራት አሉት። የሽማግሌዎቹን መልስ ያዘገዩትም ለዚህ ነው። እሱ ደግሞ ብትሰሚ እንደማታገቢው ያውቃል። ስለዚህ ውሻው እንዲናከስ፣ ተናካሽ ተብሎ እንዲገደል አደረገ።»

«እንዲሞቱ አልፈለግሁም» አለ መሳይ። «እጃቸውን ይነክሳቸዋል፣ እነሱም ያስወግዱታል፣ ከዚያ ስለ ጠባሳው ቢናገሩ ማን ያምናቸዋል ብዬ ነው። ጂጂ፣ ስለምወድሽ ነው። መውደቃቸውን አላወቅሁም፣ ሞጆ ነበርኩ።»

«አልነበርክም» አለ ፋሩቅ። «ነጭ ቪትዝ፣ የኋላ መብራቷ ቀይ ፕላስተር።»

«መኪናው ላይ አሁን አዲስ መብራት ነው ያለው» አለ ኑሬ። «ከቀብር በኋላ ነው የተገጠመው።»

«ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለች ጂጂ። የተናገረችው ቀስ ብላ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ቀና ብላ ቆመች። «በሩ ላይ ነበርክ።»

አንድ እርምጃ ወደ መሳይ ተጠጋች።

«ውሻው ሲጮህ ሰማህ። አባዬስ? አባዬ ሲጣራ ሰማኸው?»

«ጂጂ…»

«አንድ ነገር ነው የጠየቅሁህ።»

መሳይ መሬት መሬቱን አየ። ሰምቶ ሞተሩን አስነሥቶ እንደሄደ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። ኑሬ ክንዱን ይዞ ሲወስደው አልታገለም፤ በሩ ላይ ብቻ አንዴ ዞር ብሎ ስሟን ጠራ። እሷ አልዞረችም። አሳየች አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች፤ ፋሩቅና ቀነኒሳም ወጡ።

ጉዲቱና ጂጂ ከማደሪያው ፊት ቀሩ።

«ቀበሌውን እኔ አነጋግራለሁ» አለች ጉዲቱ። «የተመታ ውሻ ነው እንጂ ነፍሰ ገዳይ አይደለም። ከፈለግሽ ቡዜ መልሳ ትወስደዋለች። አይዞሽ፣ ዓይኔ እንዳያየው ብትይ ማንም አይፈርድብሽም።»

ጂጂ ወደ ሽቦው ዞረች። ዳማ ራሱን መዳፉ ላይ አድርጎ ያያታል።

«እሱን ላመጣ ስል ያልጠየቅሁት የለም» አለች። «የት እንዳደገ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ሲከፋው ምን እንደሚያደርግ። ሰው ሁሉ ለውሻ ይሄ ሁሉ እያለ ይስቅብኝ ነበር። መሳይን ግን አንድም ነገር ጠይቄው አላውቅም። ደህና ልጅ ነው ሲሉኝ አመንኩ።»

አሁን ነው ያለቀሰችው። ጉዲቱ ትከሻዋን ያዘቻት። ጂጂ እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና የሽቦውን በር ከፈተች፤ ገብታ በባዶ እጇ ከዳማ አጠገብ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።